ማን አዙር አለህ?



ባለፈው ዓመት ለአረፋ ወደ ቤት ከመሄዴ ከጥቂት ቀናት በፊት፣ ከግቢ ወጣ ብሎ ካለ ሱቅ አንድ ሬዲዮ ገዛሁ። ሬዲዮ ልበለው እንጂ ሬዲዮነቱ መልኩ ላይ ብቻ ነው። እንጨት የሚመስል ቡናማ ሣጥን፣ ፊቱ ላይ ጨርቅ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ወርቃማ መዘውሮች፣ በመካከላቸው ቁጥር የተደረደረበት የጣቢያ መፈለጊያ አለው። ቀይዋ መርፌ ግን አትንቀሳቀስም፤ የታተመች ሥዕል ናት። ጀርባውን ስታዞሩት ብሉቱዝ ማብሪያ፣ የፍላሽ መሰኪያና የስልክ ቻርጀር ቀዳዳ ታገኛላችሁ። ሲበራ ደግሞ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ እየጮኸች «ዘ ብሉቱዝ ዲቫይስ ኢዝ ሬዲ ቱ ፔር» ትላለች። 1,900 ብር ከፈልኩበት። ከተማሪ ኪስ የወጣ መሆኑን እናንተው ታውቃላችሁ።

የዶርሜ ልጅ ገልብጦ ገላብጦ አየውና «ስልክህ ላይ ያለውን ድምፅ ለመስማት ሣጥን ገዛህ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ነገሩ ልክ ነው፤ ከስልኬ የሚበልጥ አንድም ሥራ አይሠራም።

ይህ አምሮት ግን የእኔ ብቻ አይደለም። ስሜግ የተባለው የጣሊያን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 የ1950ዎቹን ፍሪጅ የሚመስል፣ ማዕዘኑ የተሞረደ፣ እጀታው ወፍራም ፍሪጅ አውጥቶ እስከ ዛሬ ይሸጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ኖኪያ 3310፣ ያ የማይሰበረው፣ በ2017 እንደገና ተሠርቶ ገበያ ላይ ሲውል ዜናው ዓለምን አዳርሶ ነበር። የሚያስገርመው ገዢው ነው። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ትዝታቸውን ቢገዙ አይገርምም፤ እኛ ግን ያላየነውን ዘመን ነው የምንናፍቀው። በዶርማችን ካሉት ስድስት ልጆች ሁለቱ ያችን ቁጥር ብቻ የምታሳይ የካሲዮ ሰዓት አስረዋል፤ ሁለቱም የተወለዱት ሰዓቷ ገበያ ከወጣች ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች ነገሩን ሁሉ ኢስራፍ ነው ብለው ያልፉታል። ለፍሪጅ ቅርፅ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈልን በተመለከተ አልከራከራቸውም። ግን ከአምሮቱ ሥር ሌላ ነገር ያለ ይመስለኛል። የራሴን ልናገር። ከሱብሒ በኋላ ቁርአን ልሰማ ስልኬን እከፍታለሁ፤ ሁስሪን ከመክፈቴ በፊት ግን ሦስት የቴሌግራም መልእክት ይጠብቀኛል። አንዱን እመልሳለሁ። እሱ የላከልኝን ቪዲዮ አያለሁ። ከዚያ ሌላው ይከተላል። ብድግ ስል ሰዓቱ ሁለት ሆኗል፣ ክላስ አርፍዷል፣ ቁርአኑ አልተከፈተም። አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ዕቃ የሚናፍቀኝ ለዚህ ነው። ሲከፈት ምን እንደሚሰማ የምታውቀው፣ ሲያልቅ ደግሞ ያለቀ።

በኋላ ላይ ትልቁ ነገር ይኸው የመጨረሻው ሆነ፤ ሲያልቅ ማለቁ። ያኔ ግን አላሰብኩትም። ሣጥኑን የገዛሁት የአያቴን ቴፕ ስለመሰለኝ ነው።

የአያቴ ቴፕ ናሽናል ነው። ባለ አንድ ካሴት፣ ከላይ እጀታ ያለው፣ ፊት ለፊት ስድስት ቁልፎች የተደረደሩለት። ባቲ አካባቢ ባለው ቤታችን፣ መደቡ አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። መብራት ሰፈራችን የገባው በ2004 ስለሆነ ልጅ እያለሁ የሚሠራው በድንጋይ ነበር፤ አራት ትልልቅ ድንጋይ ይፈልጋል። ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ ይጎተታል፤ ቀሪው ቶሎ ይቀራ የነበረው ቃሪእ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይሆናል። ያኔ ድንጋዮቹ ወጥተው ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ፤ ማታ ለግማሽ ሰዓት ያህል ነፍስ ይዘራሉ። ካሴት ለማጠንጠን ድንጋይ ማባከን ክልክል ነው፤ እስክሪብቶ ከተን በእጃችን እናሽከረክራለን። ይህ የእኛ የልጆች ሥራ ነበር።

አያቴ ለዕቃ ናፍቆት የላትም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። መብራት በገባ ሳምንት ኩራዙን ለጎረቤት ሰጠች። የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛንላት ቀን ለገዛው ሰው ያደረገችውን ዱዓ ያህል ለእኔ ዩኒቨርሲቲ መግባት አላደረገችም። ድሮ ደግ ነበር የሚል ሰው ካለ እሷ ጋ ሄዶ የእንጨትና የጭሱን ነገር ይጠይቃት። ቴፑን ብቻ ነው ያልሰጠችው። እሱም ቴፕ ስለሆነ ሳይሆን ውስጡ በሚገባው አንድ ካሴት ምክንያት ነው።

ስለ ካሴት ትንሽ ልበል፤ ከእኛ መካከል ብዙዎቻችሁ በእጃችሁ ይዛችሁት አታውቁ ይሆናል። ፊሊፕስ ካሴትን በርሊን ላይ ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ሥራውን የመራው ሉ ኦተንስ የተባለ የኔዘርላንድ መሐንዲስ፣ ዕቃው ምን ያህል ማነስ እንዳለበት ለመወሰን አንድ ቁራጭ እንጨት አስጠርቦ በኮቱ ኪስ ይይዝ ነበር ይባልለታል፤ ኪስ ውስጥ መግባት አለበት ነው ነገሩ። የ60 ደቂቃ ካሴት በየገጹ 30 ደቂቃ ይይዛል። ክሩ በሰከንድ አምስት ሳንቲሜትር ገደማ ስለሚሄድ ለአንድ ገጽ ከ85 ሜትር በላይ ክር ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ኪስ ውስጥ።

ለእኛ ለሙስሊሞች ይህች ትንሽ ዕቃ ብዙ ሠርታለች። ሸህ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሁስሪ ሙሉውን ቁርአን በሙረተል እ.ኤ.አ. በ1961 ካይሮ ላይ ቀርተው ሲያስቀዱ፣ በ1964ም የካይሮው የቁርአን ሬዲዮ ሲጀመር፣ ድምፁ ገና በሬዲዮ ሞገድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ካሴት ነው አውርዶ ገጠር ቤት ያስገባው። የግብፁ ሸህ ዐብዱልሐሚድ ኪሽክ ኹጥባ ከመስጂዳቸው አልፎ በየታክሲው የተሰማው በካሴት ነው። ቻርልስ ሂርሽካይንድ የተባለ አንትሮፖሎጂስት የካይሮ ሰዎች የኹጥባ ካሴት እንዴት እንደሚያዳምጡ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 መጽሐፍ አውጥቶበታል። ወደ እኛም አገር ብንመጣ፣ ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው፤ የመጀመሪያውን የአማርኛ ሙሐደራ የሰሙት፣ መንዙማውን ከሰፈር ሰፈር የተዋዋሱት በምን እንደሆነ ይነግሯችኋል።

ካሴት የሠራው ሌላም ሥራ ነበር፤ ደብዳቤ መሆን።

አጎቴ፣ የአያቴ የመጀመሪያ ልጅ፣ በ1987 ጅዳ ሄደ። አያቴ ማንበብ አትችልም። ደብዳቤ ቢጽፍላት የጎረቤት ልጅ ተጠርቶ ምስጢሯን ሁሉ ሊያነብ ነው። ስለዚህ ካሴት ይልክ ነበር፤ ሰው ሲመጣ፣ ከልብስና ከሽቶ ጋር። ቤተሰቡ ይሰበሰባል፣ ይሰማል፣ ያለቅሳል። ከዚያ እዚያው ካሴት ላይ መልሱ ይቀዳና ለሚሄድ ሰው ተሰጥቶ ይመለሳል። አንዱ ካሴት አራት አምስት ጊዜ ቀይ ባሕርን ተሻግሯል። በዚህ ምክንያት ቀደም ሲል የላካቸው አንዳቸውም የሉም፤ በላያቸው ላይ መልስ ተቀድቶባቸዋል፣ በመልሱ ላይ ደግሞ እሱ ቀድቶባቸዋል።

የመጨረሻው ብቻ ቀረ። በ1994 የመጣው ካሴት በአንዱ ገጽ የእሱ ድምፅ ነው። በሌላው ገጽ እሑድ ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ መልሱን ቀዳ፤ የሚወስደው ሰው ሰኞ የባቲ ገበያ ውሎ በዚያው ሊሄድ ነበር። ሰኞ ጧት መርዶ ደረሰ። አላህ ይዘንለት፣ እዚያው ጅዳ ተቀበረ። ካሴቱ አልሄደም።

እኔ የተወለድኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አጎቴን የማውቀው በድምፁ ብቻ ነው። አያቴ ካሴቱን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሁለቱ ዒዶች፣ ሰው ሁሉ በልቶ ከተበተነ በኋላ ታስከፍተዋለች። የአጎቴ ገጽ ያልቃል። ቁልፉ «ጠቅ» ብሎ ራሱ ይነሣል። እሷም «አላህ ይዘንልህ ልጄ» ትልና ዳንቴሉን ታለብሰዋለች። ገልብጠው ብላኝ አታውቅም። ለምን እንደሆነ የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ ያኛው ገጽ የአያቴ የራሷ ድምፅ ነው፣ ያልደረሰ መልስ ነው።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ቁርአን ቤት ፋቲሐን ጨርሼ ቁል ሁወላሁን ይዤ ድምፄን መስማት አማረኝ። ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም። ቀዩን ቁልፍና የማጫወቻውን አንድ ላይ ተጫንኩ፤ ትልልቆቹ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ውስጡ የነበረው የትኛው ካሴት እንደሆነ አላየሁም። ቀራሁ፣ ሳልኩ፣ ደግሜ ቀራሁ፣ አክስቴ ከውጭ ስትጠራኝ «አቤት!» አልኩና ቁልፉን አነሣሁ።

ካሴት ላይ የሚቀዳ ሰው ሁለት ነገር አንድ ላይ ያደርጋል። ክሩ መቅጃውን ጭንቅላት ከመንካቱ በፊት በሌላ ማግኔት ፊት ያልፋል፤ የዚያ ሥራ የነበረውን መደምሰስ ብቻ ነው። አዲሱ አሮጌውን አይሸፍነውም ማለት ነው፤ መጀመሪያ ያጠፋዋል። ከሥር ቆፍረው የሚያወጡት ነገር የለም። ይህን ያወቅሁት ትልቅ ሆኜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የአጎቴ ድምፅ ከእኔ ድምፅ ሥር ተኝቶ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

በቀጣዩ ዒድ አያቴ አስከፈተችኝ። አጎቴ «አሰላሙ ዐለይኩም እናቴ፣ እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምር በነበረበት ቦታ የሕፃን ፋቲሐ መጣ። ከዚያ ሳል። ከዚያ «አቤት!»። ከዚያ ቋ አለና አጎቴ ከዓረፍተ ነገር መሐል ጀመረ፣ «…ና በጉን እንዳትሸጡት፣ ለአረፋ ይሁናችሁ።» ሰላምታው ጠፍቷል። ለጎረቤቱ ሁሉ በየስማቸው ያቀረበው ሰላምታም ጠፍቷል።

አልመታችኝም። አልተቆጣችኝም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የጠፋውን በቃሏ እያለችው ነበር። በማግስቱ አክስቴን ጠርታ ካሴት እንዳይቀዳበት ምን እንደሚደረግ ጠየቀቻት። ከካሴቱ ጀርባ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ፤ እነሱ ከተሰበሩ ቀዩ ቁልፍ አይወርድም። አያቴ ወስፌ አምጥታ የዚያን ካሴት ጥርስ ሰበረች። ከዚያ አላቆመችም፤ ቤት ውስጥ ያሉትን ካሴቶች በሙሉ፣ የመንዙማውን፣ የሁስሪን፣ ምንም ያልተቀዳባቸውን ሁለት አዳዲሶች ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ሰበረቻቸው።

ናሽናሉ ከአምስት ዓመት በፊት ቆመ። ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማው ግን ቀልጦ እንደ ዝፍት ሆኗል፤ ካሴቱን የሚያዞረው እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዒድ በመጣ ቁጥር አያቴ ጠረጴዛዋን አይታ ዝም ትላለች። ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ እኔ ግቢ ከገባሁ በኋላ ማለት ነው፣ ካሴቱን ስጪኝ አልኳት። ለመስጠት ሦስት ቀን ፈጀባት። በሸሚዜ ኪስ ይዤው ስጓዝ አውቶቡሱ በተንገጫገጨ ቁጥር በእጄ እየዳበስኩት ነው የመጣሁት። አማና ከባድ ነው የሚባለውን ኡስታዞቻችን ሲነግሩን እሰማለሁ፤ ክብደቱ ግን 40 ግራም እንኳ በማይሞላ ፕላስቲክ ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ከግቢ ራቅ ብሎ አንድ የድሮ ጠጋኝ አገኘሁ፤ ሱቁ ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ የሞተ ቴፕ ነው። ካሴቱን ብርሃን ላይ ይዞ አየው። ክሩን ከጭንቅላቱ ጋር የምታስነካው ትንሽዬ ስፖንጅ ወድቃለች፣ ቤቱም በአንድ ጎን ተሰንጥቋል አለኝ። ብሎን ካለው ሌላ ካሴት ውስጥ ክሩን አውጥቶ ጣለና የአጎቴን ክር በጥንቃቄ አዛወረው። እጁ አይንቀጠቀጥም፤ የእኔ ነው የተንቀጠቀጠው። የተዛወረበት ቤት የፍቅር ዘፈን ካሴት ነበር፤ የዘፋኙ ፎቶ እስከ ዛሬ ተለጥፎበታል። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ጥርሱን ነው። በእስክሪብቶ ጫፍ ሁለቱንም ሰበርኩ። ጠጋኙ ሳቀ።

ከሱቁ ቴፕ ወደ ላፕቶፕ በሽቦ አስገባነው። የመጀመሪያው ገጽ ሲያልቅ ጠጋኙ ሳይጠይቀኝ ገለበጠው። ልከለክለው ይገባኝ ነበር። ለመጠባበቂያ ይሁን ብዬ ዝም አልኩ። እንዲህ አድርጌ አያቴ ለሃያ ሁለት ዓመት ያልገለበጠችውን ገጽ ሰማሁ፤ የውጭ ሰው እየሰማ።

የዶርሜ ልጅ ድምፁን ሊያጸዳልኝ ሞከረ። በኮምፒዩተር ሹሹታውን አጠፋው፤ ከሹሹታው ጋር ግን ከአጎቴ ጀርባ ይሰማ የነበረው የቬንትሌተር ድምፅም ሄደ። ያ የጅዳ ክፍሉ ነው፤ ስለ ክፍሉ የምናውቀው ብቸኛ ነገር። መልስልኝ አልኩት። የእኔን ፋቲሐም ቆርጠን እናውጣው ብሎኝ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። እሱንም ተወው አልኩት፤ ለምን እንደሆነ አሁንም በደንብ ማስረዳት አልችልም። ሁለቱን ገጾች «ሀ» እና «ለ» ብዬ በፍላሽ ያዝኩ። ከዚያ ያን ሬዲዮ መሳይ ሣጥን ሱቅ ውስጥ አየሁና ለናሽናሉ ምትክ እንዲሆን ገዛሁት።

የአረፋ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ከተበተነ ወዲህ ሣጥኑን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። የአያቴ ዓይን ደክሟል፤ በእጇ ነው ያየችው። መዘውሮቹን ዳሰሰች፣ ጨርቁን ዳሰሰች። ደስ አላት። ጎኑን ደግማ ዳሰሰች።

«ካሴቱ የት ይገባል?»

«ካሴት አይፈልግም፣ እማማ። እዚህች ውስጥ አስገብቼዋለሁ» ብዬ ፍላሹን እጇ ላይ አደረግሁት። የጥፍር ያህል ነው። አገላበጠችውና መለሰችልኝ። ስከፍተው ያቺ ሴት በእንግሊዝኛ ጮኸች።

«ማናት ደግሞ?»

«ምንም አይደለችም፣ የማሽኑ ናት።»

ከዚያ የእኔ የሰባት ዓመት ፋቲሐ ጀመረ። አያቴ ፈገግ አለች። ፋቲሐው ሲያልቅ «አሚን» አለች፣ ሁልጊዜ እንደምትለው። ሳሉ መጣ፣ «አቤት!» መጣ፣ በጉን እንዳትሸጡት መጣ። ቬንትሌተሩ ይዞራል። አክስቴ በሻሽዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ቆየን፤ አጎቴ ዱዓ አድርጎ ተሰናበተ። አያቴ «አላህ ይዘንልህ ልጄ» አለችና ዳንቴሉን ለማልበስ እጇን ዘረጋች። ጠቅ የሚለውን እየጠበቀች ነበር።

ጠቅ የሚል ነገር የለም። ማሽኑ «ሀ»ን ጨርሶ ወደ «ለ» አለፈ።

«ወዐለይኩም ሰላም ልጄ፣ እንዴት ነህልኝ» አለች አያቴ ከሣጥኑ ውስጥ፣ ጥርሷ ሳይወልቅ፣ ድምፏ ሳይሰባበር።

ዳንቴሉ እጇ ላይ ቀረ። እኔ መዘውሩን ጠመዘዝኩት፤ ድምፁን ብቻ ቀነሰው። ሌላውን ጠመዘዝኩት፤ እሱ ለጌጥ ነው። ማጥፊያው ከጀርባ ነው፣ ተጭኖ መቆየት ይጠይቃል። በዚያ መሐል አያቴ መዳፏን ድምፅ ማውጫው ጨርቅ ላይ አደረገች፣ የሰው አፍ እንደሚያዝ። በመጨረሻ ያቺ ሴት «ፓወር ኦፍ» ብላ ጮኸችና ጸጥ አለ።

«ማን አዙር አለህ?» አለችኝ።

«ወላሂ አላዞርኩትም፣ እማማ። ራሱ ነው የሄደው።»

«ራሱ ይሄዳል እንዴ?»

ምን ልበላት? ራሱ ይሄዳል። ዛሬ ያሉን ነገሮች ሁሉ ራሳቸው ይሄዳሉ፤ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል፣ ማንም ገልብጠው አላለንም። በናሽናሉ ጊዜ እዚያኛው ገጽ ለመድረስ ሰው ተነሥቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ካሴቱን አውጥቶ፣ ገልብጦ፣ እንደገና መጫን ነበረበት። አያቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሰማችው ስለረሳችው ሳይሆን፣ በየዒዱ ያንን ጠቅታ ሰምታ አለመነሣትን ስለመረጠች ነው። ሣጥኑን የሠሩት ሰዎች መዘውሩን አስመስለዋል፣ ጨርቁን አስመስለዋል፣ የማትንቀሳቀስ መርፌ ሳይቀር ሥለዋል። ጠቅታውን ግን ጉድለት አድርገው ቆጥረው አስወገዱት።

ዐስርን ሰግደን ከተመለስን በኋላ ይቅርታ ጠየቅኳት። «አብሽር» አለችኝ፣ ሌላ አላለችም። ማታ ግን፣ መብራት ልናጠፋ ስንል፣ ጠራችኝ።

«አንተ ሰምተኸዋል አይደል፣ ያንን?»

«ሰምቼዋለሁ።»

«በጉን አልሸጥነውም ብየዋለሁ?»

«ብለሽዋል፣ እማማ። መጀመሪያ ላይ ነው ያልሽው።»

ትንሽ ዝም አለች። «እንዲያ ከሆነ ደህና» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሣጥኑን ውሰደው ብላኛለች፤ ወስጄዋለሁ። አሁን ዶርማችን ውስጥ ነው፤ ጧት ጧት ሁስሪን እንከፍትበታለን፣ ፍላሹ ላይ ያለው አንድ ጁዝ ብቻ እንዲሆን አድርገን። «ለ»ን ከየትኛውም ቦታ አጥፍቼዋለሁ፤ ላፕቶፑም ላይ የለም። ካሴቱ ላይ ብቻ አለ። እሱም ዘፋኙ ፎቶ ያለበት ቤት ውስጥ ሆኖ ከናሽናሉ አጠገብ፣ ዳንቴሉ ሥር ተቀምጧል።

የቀረው የናሽናሉ ጎማ ነው። ጠጋኙ ከነበሩት ቴፖች ሁሉ ፈልጎ ልኩን አላገኘም፤ አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል፤ ሲላላ ድምፁ ይጎተታል፣ አጎቴም እንደ ሽማግሌ ይሆናል። ስለዚህ ከእናንተ መካከል ቤቱ የተበላሸ ባለ አንድ ካሴት ናሽናል ያለው ወይም ያለው ሰው የሚያውቅ ካለ፣ ለቀጣዩ ዒድ ከመድረሱ በፊት በጀመዓው የጽሑፍ ክፍል በኩል ያሳውቀኝ። ዋጋውን እከፍላለሁ፤ ቴፑን እንዳለ ባይሸጥልኝ እንኳ ጎማውን ብቻ አውጥቼ እመልስለታለሁ።